ጨፋ ላይ ጣውላ ለሚያነጥፍ ልጅ

ልጄ፣ ከሚሴ ላይ ባቆምከው ቤት የሳሎኑን ወለል በራስህ እጅ ጣውላ ልታለብሰው እንዳሰብክ ነግረኸኛል። ደስ ብሎኛል። እኛ ወለል ላይ የምንኖር ሰዎች ነን፤ ቡናው ወለል ላይ ይፈላል፣ እንግዳው ወለል ላይ ይቀመጣል፣ ሶላቱ ወለል ላይ ይሰገዳል፣ ሕፃኑ ወለል ላይ ይድሃል። በክረምት ሌሊት ሊሾ ላይ ያደረ ሽማግሌ ለሱብሂ ሲነሳ ጉልበቱ እንዴት እንደሚይዘው አውቃለሁና፣ የእንጨት ወለል ለከተማ ሀብታም የተተወ ቅንጦት ነው የሚሉህን አትስማቸው። ሥራውም ከአቅምህ በላይ አይደለም። መጋዝ፣ መዶሻ፣ ውሃ ልክ፣ ሲባጎና እስኳድራ የያዘ፣ ልኬት የሚያከብር ሰው ይሠራዋል። ጥፋቱ የሚመጣው ከችኮላ ነው። ያየኋቸው የተበላሹ ወለሎች አብዛኞቹ የተበላሹት የመጀመሪያው ሚስማር ሳይመታ በፊት ነው፤ ስለዚህ ከምነግርህ ውስጥ የሚበዛው ስለመመርመርና ስለመጠበቅ ነው። በቁጥር አስፍሬልሃለሁ፤ ቅደም ተከተሉን አትዝለል።

1. ከቤትህ ሥር ያለውን ውሃ እወቅ።

ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ፣ ቤትህ ያለበት ጨፋ ሲደርስ ሜዳ አግኝቶ ይንጣለላል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበጋ ቆላው ሁሉ ሲነድ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም ከብት ጨፋ ላይ የሚገናኘው ሣሩ ስለማይደርቅ ነው። ሣሩ የማይደርቀው ደግሞ ውሃው ከመሬቱ ፊት ብዙም ሳይርቅ ስለሚተኛ ነው። ከብቱን የሚያኖረው ያ ውሃ ለአንተ ጣውላ ጠላት ነው።

አርማታ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውሃ አያግድም። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ከሥሩ ያለው ርጥበት በነሱ በኩል ወደ ላይ ይሳባል። ባዶ ሊሾ ላይ ስትኖር ይህን አታስተውለውም፤ ርጥበቱ ወጥቶ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ላዩን በጣውላ የከደንከው ቀን ግን መውጫ ያጣና ወደ እንጨቱ ይገባል። ጣውላው በሆዱ በኩል ረጥቦ ያብጣል፣ በጀርባው በኩል ደረቅ እንደሆነ ይቀራል፤ ያኔ ሁለት ጠርዞቹ ይነሱና መሃሉ ይጎደጉዳል። በባዶ እግርህ ስትሄድበት ታውቀዋለህ። እዚያ ከደረሰ በኋላ በመላጊያ ማስተካከል መፍትሔ አይሆንም፤ በጋ ሲመጣና እንጨቱ ሲደርቅ የላግከው ጠርዝ ይወርድና መሃሉ ጉብ ይላል።

ቤትህ ከአስፋልቱ ወደ ኮረብታው በኩል ከሆነ ሥራህ ይቀልልሃል። ወደ ሜዳው በኩል ከሆነ የሚከተሉትን ሦስት ምክሮች ሁለት ጊዜ አንብባቸው።

2. ስንጥቁን ሳታውቅ አትድፈነው።

የጨፋ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ከላዩ የተቀመጠ ወለል አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ፣ በገረጋንቲ ተተክቶ፣ ድንጋይ ተደርድሮበት ከሆነ አርማታው የፈሰሰው፣ ብዙ አትፍራ። ድንጋዩ በቀጥታ ጥቁር አፈር ላይ ከተደረደረ ግን ስንጥቅ መኖሩ አይቀርም።

አንዳንድ ሰው ስንጥቅ ባየ ቁጥር የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ይላል። አካባቢያችን የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ መሆኑ እውነት ነው፤ በ1953 ዓ.ም ግንቦት መጨረሻ ላይ በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች፣ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች። የዛሬው የሳሎንህ ስንጥቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአፈሩ ሥራ ነው። ለማወቅ ጄሶ በጥብጠህ ስንጥቁ ላይ አሻግረህ እንደ መዳፍ አድርገህ ለጥፍ፤ ቀኑንም ጻፍበት። ክረምትና በጋ አልፎበት ጄሶው ካልተሰነጠቀ ስንጥቁ የቆመ ነው፤ በወፍራም የሲሚንቶ ቡኬት ሙላውና እለፍ። ጄሶው ከተሰነጠቀ ወለሉ ገና እየሄደ ነው። እየሄደ ያለ ወለል ላይ እንጨት አይነጠፍም፤ በመጀመሪያ የጣሪያውን ውሃ ከቤቱ ግድግዳ የሚያርቅ ቦይ ሥራለት፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን አትክልት ማጠጣትህንም ተው። ይህ ብቻውን ብዙ ቤት ሲያሳርፍ አይቻለሁ።

3. ለአርማታው ጊዜ ስጠው።

ግንበኛው 28 ቀን ሲሞላው ደርሷል ይልሃል። እውነቱን ነው፤ 28 ቀን ግን አርማታው ጥንካሬውን የሚያገኝበት ቀጠሮ ነው። መድረቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ባለሙያዎች የሚይዙት ግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር የተሞላ ወለል ቢያንስ 4 ወር ይፈልጋል፣ ውፍረቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ከዚህም ይዘገያል። በልግና ክረምት በመካከሉ ከገቡ ቆጠራው ይረዝማል። ጥቅምት ላይ ያፈሰስከው ወለል ለሚቀጥለው ኅዳር ቢደርስልህ ዘገየ አትበል። አንድ ክረምት አይተህበታል፤ ያ ለእኔ ትልቅ ዋስትና ነው።

4. በላስቲክ ፈትነው፤ ያውም በነሐሴ።

መሣሪያ መግዛት አያስፈልግህም። ወፈር ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ 45 ሳንቲ ሜትር በ45 ሳንቲ ሜትር አድርገህ ቁረጥ። ወለሉን ጠርገህ አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር አየር እንዳያስገባ አጥብቀህ ለጥፈው። በአንድ ቦታ አትወሰን፤ በመሃል አንድ፣ በማዕዘኖቹ ሁለት ሦስት፣ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ደግሞ አንድ አድርግ። ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ ተወው፣ ያሳስትሃል። ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆይ፤ እኔ ሦስት ቀን ብታቆየው እመርጣለሁ። ስትገልጠው የላስቲኩ ሆድ ጠብታ ከያዘ ወይም ሲሚንቶው ከዙሪያው ይልቅ ከጠቆረ ውሃ እየወጣ ነው።

ይህን ፈተና ጥር ላይ አድርጎ አለፍኩ ያለ ሰው አለ። ጥር ላይ ሁሉም ወለል ያልፋል። የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ የሚለው በነሐሴና በመስከረም ነው፤ ጣውላህም ዕድሜውን ሙሉ በየዓመቱ እነዚያን ወራት ያሳልፋል። የሚያምኑት መልስ የሚገኘው ያኔ ነው።

5. ውሃ ከወጣ ሁለት መንገድ አለህ።

አንደኛው መንገድ ይህ ነው፦ ወለሉን አጽድተህ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የግንባታ ላስቲክ አንጥፍ። መጋጠሚያው ላይ አንዱን በሌላው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ደርበህ በፕላስተር ያዘው፤ በግድግዳው ዙሪያ ከሚመጣው ወለል ከፍታ በላይ እንዲወጣ አድርገህ እጠፈው። ጫማ አድርገህ አትርገጠው፤ አንዲት ጠጠር ከበሳችው ድካምህ ከንቱ ነው። በላስቲኩ ላይ ከ5 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ሊሾ አፍስስ፣ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ። አሸዋውን አታምነው። ግማሽ ጠርሙስ አሸዋ ላይ ውሃ ጨምረህ ናጠውና አሳድረው፤ ከላይ የሚተኛው ደለል ከአሸዋው 6 በመቶ ካለፈ እጠበው ወይም ሌላ አምጣ። ሊሾው ደግሞ የራሱን 2 ወር ይደርቃል፤ ቡኬቱን አታቅጥነው፣ የጨመርከው ውሃ ሁሉ ነገ የምትጠብቀው ውሃ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መተው ነው። ሳሎንህ ሜዳው ላይ ሆኖ፣ በነሐሴ ውሃው ከግድግዳው ሥር የሚታይ ከሆነ፣ ጣውላ አታንጥፍበት። ሊሾህን አሳምረህ፣ ሰሌንና ወፍራም ምንጣፍ አድርገህ ኑር። ጣውላውን ለመኝታ መደብ አድርገው፤ መደቡ ከወለሉ ከፍ ስለሚል ያምርልሃል፣ ይከርምልሃልም። ይህን ስልህ ቅር እንዳይልህ፤ እንጨቱን ከጥፋት ማትረፍም ሙያ ነው።

6. በሩን ቀድመህ ለካ።

በአገራችን ዛሬ የሚገጠመው በር በአብዛኛው የብረት ነው፤ እንደ እንጨት በር በመላጊያ አይቀነስም። አስላው፦ ሊሾ 5፣ ከጣውላው ሥር የሚተኛው ሙራሌ 4፣ ጣውላ 2፤ በድምሩ 11 ሳንቲ ሜትር ወለልህ ከፍ ይላል። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ተቆልፎ ይቀራል። ጣውላው ከመምጣቱ በፊት በሩን አውርደህ ብየዳ ቤት ውሰድና ከሥሩ አስቆርጠህ፣ ጠርዙን መልሰህ አስበይደው። ደጃፉም ላይ ድንገተኛ ደረጃ እንዳይፈጠር አስብ፤ እናትህ በጨለማ የሚያልፉበት ነው። ሊሾ የማያስፈልግህ ከሆነ ከፍታው 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በሩን ይይዛል።

7. እንጨቱን ስትገዛ ዕድሜውን እንጂ ውበቱን ቀድመህ አትይ።

በእጅህ የሚገባው በአብዛኛው ባህር ዛፍ ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ አገሩን ያለበሰ፣ ቤቱን ያቆመ ዛፍ ነውና አልንቀውም፤ ጠንካራ ነው፣ ለወለልም ይሆናል። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። ከእርጥብ ተነስቶ እስኪደርቅ በስፋቱ እስከ 10 በመቶ ሊጠብ ይችላል። ይህ ማለት እርጥቡን የቸነከርከው ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ከዓመት በኋላ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተውልሃል። በርዝመቱ ግን አይጠብም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰፊ ጣውላ አትግዛ፤ 8 ወይም 9 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ጠባብ ጣውላ ሲጠብም በትንሽ በትንሹ ነው፣ ክፍተቱ ይከፋፈላል። ከደሴ ደጋ የሚወርደው ነጩ ባህር ዛፍ ቶሎ ይጣመማል፤ የቆላው ቀዩ ባህር ዛፍ ይከብዳል፣ ለሚስማር ያስቸግራል፣ ምስጥን ግን የተሻለ ይቋቋማል። እኔ ለወለል ቀዩን እመርጣለሁ።

የፈረንጅ ጽድና ግራቪሊያ ለመላግና ለመቁረጥ የዋህ ናቸው፤ ለስላሳ ስለሆኑ ግን የወንበር እግር ያጎደጉዳቸዋል። ዋንዛ ያምራል። የሐበሻ ጽድ ደግሞ ምስጥ የሚሸሸው፣ ሽታው ቤት የሚሞላ እንጨት ነው። ሆኖም በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስማቸው ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ዛሬም ማታ ማታ ያለ ወረቀት የሚመጣ ጽድ በርካሽ ቢያቀርቡልህ አትቀበል። ሶላት የምትሰግድበት ወለል ነው፤ ሐላል በሆነ እንጨት ይሁን። ከገበሬ ማሳ የተቆረጠ ከሆነም የፈቃድ ወረቀቱን ጠይቅ።

ለ16 ካሬ ሜትር ሳሎን፣ ለብክነት 10 በመቶ ጨምረህ፣ ባለ 9 ሳንቲ ሜትር ጣውላ 196 ሜትር ገደማ ያስፈልግሃል። ሙራሌው በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ሲተኛ ባለ 4 ሜትር 11 ዘንግ ነው። አንዱ ጎን ምላስ፣ ሌላው ጎን ቦይ ሆኖ እንዲወጣልህ መሰንጠቂያ ቤት በማሽን አሠራው። ማሽን ላይ የሚገባው ግን ከደረቀ በኋላ ነው፤ እርጥቡን አስልገህ ካደረቅከው ምላሱና ቦዩ አይገናኙም።

8. አድርቀው፤ መድረቁንም ሚዛን ይመስክር።

የድሮ አናጢዎች ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይሰጡ ነበር። ከሚሴ ከባህር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናትና ከዚያ ያነሰ ጊዜ ሊበቃ ይችላል፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ግን ባህር ዛፍ ጫፉ ይተረተራል፣ አካሉ ይጣመማል። ጥላ ሥር፣ ከመሬት ሁለት ብሎኬት ከፍ አድርገህ፣ በየረድፉ መካከል እኩል ስንጥር እያስገባህ ደርድረው። የእንጨቱን ሁለት ጫፎች ቀለም ቀባቸው፤ ውሃ በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚሸሽ ነው የሚተረተረው። ከላይ ድንጋይ ጫንበት።

ከክምሩ መሃል አንዱን ጣውላ ምልክት አድርግበትና በየሳምንቱ ወስደህ አስመዝን፤ የእህል ነጋዴ ሚዛን ይበቃሃል። ክብደቱን በደብተር ጻፍ። መቀነሱን እስካላቆመ ድረስ እርጥብ ነው። ለተከታታይ ሳምንታት ያው ቁጥር ሲመጣ ከአየሩ ጋር ታርቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሳሎኑ አስገባውና መስኮቱን እየከፈትክ ቢያንስ 2 ሳምንት እዚያው ይሰንብት። ሻጩ ደረቅ ነው ብሎ ቢምልልህ ሚዛኑን እመን።

9. ምስጥን በቀዳዳው ያዘው።

በቆላ ምስጥ የሚመጣው ከአፈር ነው። አርማታውን አይበላም፤ ግን በስንጥቁና ወለሉ ከግድግዳው በሚገናኝበት መስመር ቀጭን የጭቃ ቱቦ እየሠራ ይወጣል። ስለዚህ ያንን መስመር ዙሪያውን ጠርገህ በወፍራም ቡኬት ሙላው። ቧንቧ በሚያልፍበት ቦታ ዙሪያውን ድፈን። ጣውላው ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ ፍልፍሉን፣ ስንጣሪውን፣ የካርቶን ቁራጩን ሁሉ ጠርገህ አውጣ። ብዙ ሰው ማን ያየዋል ብሎ ሙራሌው መሃል ይተወዋል፤ ለምስጥ ድግስ አዘጋጀለት ማለት ነው።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባበት የሚሉህ አሉ። ለአጥር ግንድ ይሁን፤ ልጆችህ በሚተኙበት ቤት ውስጥ ግን ሽታውም አይለቅም፣ ለጤናም አይሆንም፣ በጣውላውም አልፎ ይወጣል። መድኃኒት ካስፈለገህ የግብርና ባለሙያ ጠይቀህ፣ ለምስጥ የተመዘገበውን፣ በተጻፈው ልክ ተጠቀም። ስሙ የማይነበብ ጠርሙስ ቤትህ አይግባ።

10. ሙራሌውን ስትዘረጋ አየር መንገድ እንዲኖረው አድርግ።

በአዲስ አበባ የፒያሳን የጥንት ቤቶች ያየ ሰው የጣውላ ወለላቸው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ በድንጋዩ ካብ ውስጥ የአየር ቀዳዳ እንዳለው ያውቃል። ያ ቀዳዳ ነው ዘመን ያሻገራቸው። አንተ የምታነጥፈው በአርማታ ላይ ስለሆነ ያን ያህል ከፍታ የለህም፤ ያለህ የሙራሌው ቁመት 4 ሳንቲ ሜትር ነው። እሱን እንዳትዘጋው። የሙራሌው ጫፍ ከግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ አየሩ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይዞራል። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች በኩል ከግድግዳው ሥር በሚዞረው ዞኮሎ ላይ በየሜትሩ ቀዳዳ አድርግና አይጥ እንዳይገባ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ሽቦ ምታበት።

ወለሉ ልክ መሆኑን 2 ሜትር ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ዘንግ አስተኝተህ እይ፤ ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ጎድጓዳውን በቡኬት ሙላ፣ ጉብ ያለውን ፈልፍለህ አስተካክል። ከዚያ ሁለቱን የዳር ሙራሌዎች በውሃ ልክ አስቀምጥና በመካከላቸው ሲባጎ ወጥር፤ ሌሎቹ በሲባጎው ልክ ይሂዱ። ከሥራቸው የምታስገባው ማስተካከያ ከጠንካራ እንጨት ወይም ከቆርቆሮ ይሁን፤ ካርቶን ውሃ ይጠጣል።

ሙራሌውን በድሪል በስተህ፣ ፊሸር አስገብተህ፣ በካቻቪቴ በሚጠብቅ ብሎን እሰረው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርግ፦ ላስቲኩ ከ5 ሳንቲ ሜትር ሊሾ ሥር ካለ ቀዳዳህ ከ3 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። የድሪሉ ጫፍ ላይ በ3 ሳንቲ ሜትር ልክ ፕላስተር ጠቅልልበት፤ ሙራሌውን ቀድመህ ለብቻ ብሳው። ሊሾ ሳታፈስ ላስቲኩን በአርማታው ላይ ብቻ ያነጠፍክ ከሆነ እያንዳንዱን ቀዳዳ በሲሊኮን ሙላና ብሎኑን አስገባ። አርማታ ስትበሳ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ መስኮት ክፈት፤ ያ ነጭ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

11. ጣውላውን ከረጅሙ ግድግዳ ጀምር።

ቢስሚላህ በል። የመጀመሪያው ረድፍ ቀጥ ካለ ሁሉም ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ ግድግዳውን ሳይሆን ሲባጎውን እመን፣ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አያውቅም። በዙሪያው 12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተው፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ዞኮሎውን ከግድግዳው ጋር እንጂ ከጣውላው ጋር አትቸንክረው፤ ጣውላው ከሥሩ ሊንቀሳቀስ ይገባዋል።

ሚስማሩ የጣውላውን ውፍረት ሁለት እጥፍ ተኩል ይሁን፤ ለባለ 2 ሳንቲ ሜትር ጣውላ 5 ሳንቲ ሜትር። ምላሱ ላይ አጋድመህ ምታው፣ ራሱ በሚቀጥለው ጣውላ ይሸፈናል። ቀዩ ባህር ዛፍ እንዳይሰነጠቅ ቀድመህ በቀጭን የድሪል ጫፍ ብሳለት። በየሙራሌው አንድ ሚስማር፤ ለዚያ ሳሎን 500 ያህል ይበቃሃል። ጣውላና ጣውላ በጫፍ ሲገናኝ ሙራሌው ላይ ይሁን፣ ሁለት ጎረቤት ረድፎችም አንድ ሙራሌ ላይ አይጋጠሙ። ኅዳር ላይ ከሆነ የምትሠራው አየሩ መካከለኛ ነው፤ በየ5 ወይም 6 ጣውላው አንዴ ቀጭን ቆርቆሮ እያስገባህ ትንሽ መተንፈሻ ተውለት፣ ከቸነከርክ በኋላ ቆርቆሮውን ንቀል። በግንቦት ሐሩር የምትሠራ ከሆነ መተንፈሻውን ጨምር፣ ክረምት ላይ እንጨቱ ያብጣልና።

ፓርኬ በኮላ ልለጥፍ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። በአዲስ አበባ ፎቅ ቤት አራተኛ ደርብ ላይ ቢሆን እሺ እልህ ነበር። ጨፋ ላይ መሬት በነካ ወለል አልመክርህም፤ ኮላው ከርጥበቱ ጋር ሲጣላ ፓርኬው አንድ በአንድ ይነሳል፣ ከሥሩም አየር የለም። ላሚኔት የሚሉት ተለጥፎ የተሠራው ደግሞ አንዴ ውሃ ከጠጣ አብጦ ይቀራል።

12. ቀለሙን በደረቅ ቀን ቀባ።

ጣውላውን ሆዱን ገና ሳትቸነክረው አንድ ጊዜ ቫርኒሽ ቀባው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ካነጠፍክ በኋላ በሸካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምረህ በለስላሳው ጨርስ፤ ምንጊዜም በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ። ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ በስሱ ቀባ። በዚያን ቀን ቤት ውስጥ እሳት አይነድም፣ ከሰልም አይያያዝም።

13. የቤቱን ሰው አስቀድመህ አስማማ።

ይህን ከሁሉ አብልጬ አደራ እልሃለሁ፤ ወለሉን የሚያኖረው የቤቱ ልማድ ነው። ቄጠማ ከጨፋ እርጥቡን ታጭዶ መጥቶ ይጎዘጎዛል። ለሊሾ ችግር የለውም፤ ጣውላ ላይ ግን ውሃውን አራግፎ፣ ሰሌን ላይ ጎዝጉዞ፣ ማታ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ያደረ ቄጠማ ጥቁር እድፍ ይተዋል። ቡና የሚፈላበት ፈርኔሎ እግር ያለው ይሁን፣ ከሥሩም የሸክላ ንጣፍ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጥለት፤ አንዲት ፍም ወድቃ የምታቃጥለው ቦታ ዕድሜ ልክ ይታያል። ውዱእ ያደረገ ሰው እግሩን የሚያደርቅበት ምንጣፍ በር ላይ ይኑር። ወለሉ በባልዲ ውሃ አይታጠብም፤ በተጨመቀ ጨርቅ ይጠረጋል። ነጭ ጋዝ እየነከሩ መወልወል የለመዱ አሉ፤ ቫርኒሹን ያደበዝዛል፣ እሳትም ይጠራል። በዓመት አንድ ሁለቴ ሰም ይበቃዋል።

ለእናትህም ለባለቤትህም ይህን ስትነግር እንደ ሕግ አታውጅባቸው። ከሥራው መጀመሪያ ጀምሮ አብረው ይምረጡ፤ ቡናው የት እንደሚፈላ፣ ጫማ የት እንደሚወልቅ እነሱ ይወስኑ። ፈርኔሎው የሚቀመጥበትን ማዕዘን ከጅምሩ በሴራሚክ ልትተወው ትችላለህ፤ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀርልሃል።

14. አንዱን ጣውላ ሳትቸነክር ተው።

ወደ ሜዳው በኩል ባለው ማዕዘን፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ገባ ብሎ፣ የአንድ ጣውላ ቁራጭ ምላሱን ላግበትና በአራት ብሎን ብቻ እሰረው። በመጀመሪያው ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ፍታው። እጅህን ከሥር አግባና ሙራሌውን ዳስስ፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ መልሰህ እሰረው። ከረጠበ ወይም ሻጋታ ከሸተተህ የዞኮሎውን ቀዳዳዎች አጽዳ፣ ጨምርባቸው፣ ምንጣፉን ሰብስበህ መስኮቱን ለሳምንት ክፈተው፣ ከውጭም የጣሪያው ቦይ ተደፍኖ እንደሆነ ተመልከት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው እዚያ ነው። የጭቃ ቱቦ ካየህ ሰባብረህ አውጣውና የወጣበትን ስንጥቅ ተከትለህ ድፈን፤ በ10 ቀን ውስጥ ተመልሰህ እይ። በሁለተኛው ነሐሴም እንዲሁ አድርግ። የጣውላውን ክብደት፣ የፈተናውን ቀን፣ ያየኸውን ሁሉ የጻፍክበትን ደብተር አትጣለው፤ ታናሽ ወንድምህ የራሱን ቤት ሲጀምር ይፈልገዋልና ስጠው።